ከጎን የገባችው ኳስ

ሂሩት ያቺን ኳስ ከቀኝ ክንፍ ጠምዝዛ እንዳስገባቻት ለልጆቿ ስትናገር ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ለልጅ ልጆቿ ጀምራለች። ባለፈው ወር የቀድሞ ተማሪዎች አዳማ ላይ ስንሰባሰብ ከወንበሯ ተነስታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እንዲህ ነው ያዞርኳት» ብላ ክንዷን ስትወረውር ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ለስላሳዬን ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት «አንቺም ያኔ ነበርሽ?» አለችኝ። «ነበርኩ» አልኳት። ከተጠየቅሁት በላይ መናገር ልማዴ አይደለም።

አዘጋጆቹ ለትዝታ መጽሔት አንዳንድ ነገር እንድንጽፍ ሁላችንንም ለምነው ነበር። አልጽፍም ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ለራሴ ጉዳይ ወደ ባቱ ወረድኩና ሐይቁ ዳር፣ አጥር ላይ የተሰጣ የዓሣ መረብ አጠገብ ቆምኩ። ፀሐይ ያሞቀው ገመድ፣ የደረቀ ቅርፊት፣ የሐይቅ ጭቃ። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ዓሣ ይታወሰዋል። ለእኔ የእጅ ኳስ ሽታ ነው። እዚያው ቆሜ ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ፈለግሁ።

ከዚያ ዓመት በኋላ የት እንደኖርኩ፣ ማንን እንዳገባሁ፣ ምን ሠርቼ እንደበላሁ እዚህ አይገኝም። የማንም ጉዳይ አይደለም። የምጽፈው ስለ አንድ የካቲት ብቻ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሰው ሁሉ ጥርስ መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጫል፤ የጋሪ ፈረሶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዳሉ። ሂሩት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድናችን አምበል ነበረች። በኅዳር ወር ለቡድኑ ተጫዋች ሲመረጥ፣ ሠላሳ የምንሆን ሴቶች በተሰለፍንበት፣ መጥታ መዳፏን አናቴ ላይ አደረገችና እስከ ደረቷ ለካችው። «ይቺ አጭር ናት» አለች። በቃ። ስወረውር እንኳ አላየችኝም። ቤት ሄጄ በበሩ መቃን ላይ ቁመቴን በከሰል አሰመርኩ፤ በየሳምንቱም እለካው ነበር። መስመሩ ወር ሙሉ አልተነቃነቀም።

እኔም ሚኒ ሚዲያ ገባሁ። ሚኒ ሚዲያ ቁመት አይጠይቅም።

ሚኒ ሚዲያችን ማለት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ቴፕና ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ግንድ ላይ የታሰረ ሞንታርቦ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሰልፉ በኋላ የሳምንቱ ዜና ይነበባል። የስፖርት ዜና አሠራራችን ለብቻው ነበር። ግጥሚያው ቅዳሜ ይደረጋል፤ ዜናው ዓርብ ይጻፋል። ዳይሬክተሩ ቅዳሜና እሑድ ስለማይገኙ ቀድመው መፈረም አለባቸው። ስለዚህ «ትምህርት ቤታችን በከፍተኛ የጨዋታ ብልጫ» ተብሎ ይጻፍና የጎሉ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተዋል። ካሸነፍን ቁጥሩ ይሞላል። ከተሸነፍን ዜና የለም፤ ቴፑ ይከፈትና መዝሙር እንሰማለን። ሰኞ ጠዋት መዝሙር ገና ሲጀምር ተማሪው ሁሉ «ኦ! ተበላን!» ይል ነበር።

ዜና በዓለም ሁሉ እንዲህ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሬድዮኑ ሳይታሰብ ዘፈን ሲከፍት፣ አገራችን የሆነ ቦታ ተሸንፋ ይሆናል ብዬ አዝን ነበር።

ያን ዓመት ግን ሚኒ ሚዲያው ለአማርኛ መምህራችን ለቲቸር ዘነበች ተሰጠ። ቲቸር ዘነበች መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠውን ተማሪ በድምፁ እንጂ በመልኩ አያውቁትም። የመጀመሪያውን ዓርብ ዳይሬክተሩ የፈረሙበትን ወረቀት ወስጄ ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት።

«ግጥሚያው መቼ ነው?»

«ነገ ነው ቲቸር።»

«ታዲያ ማሸነፋችሁን ማን ነገረሽ?»

«ዜና ነው እኮ።»

«ይሄ ምኞት ነው» አሉና አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ አስቀምጠው አስተማሩኝ። ያየሽውን አየሁ በዪ። የሰማሽውን ከማን እንደሰማሽ ተናገሪ። ያላየሽውን አላየሁም ማለት አያሳፍርም። እነዚህ አልከበዱኝም። የከበደኝ የመጨረሻው ነበር፦ ዜናው ከመነበቡ በፊት የተሸነፈውን ወገን ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።

«ለምን? እነሱ እኮ ተሸንፈዋል።»

«ያሸነፈውማ ሳትጠይቂውም ይናገራል» አሉኝ። ቀጥለውም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔ ሜዳውን አላየውም አስኒ። ለእኔ ጭስ ነው። የምታዪልኝ አንቺ ነሽ።»

ስሜ አስናቀች ነው። አስኒ ያሉኝ ያን ቀን ነው።

ከሳሙና ካርቶን ላይ ቆርጠው «ዘጋቢ» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ አደረጉልኝ። ካርቶኑ የትም የሚያስገባ መሰለኝ። በዚያው ቀን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ ጥበቃው።

«ዘጋቢ ነኝ።»

«የምን ዘጋቢ?»

«የስፖርት።»

«ፊልሙ ውስጥ ኳስ የለም፤ ወደ ቤትሽ» ብለው በዱላቸው ጫፍ መንገዱን አሳዩኝ።

ግን ሜዳው ላይ ካርቶኑ ይሠራ ነበር። ከጎሉ ጀርባ፣ ሌላ ተማሪ ከማይደርስበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። እዚያ ሌላ የሚቀመጥ ያልነበረው በክልከላ ብቻ አይደለም። በሽታውም ነው።

ጎላችን መረብ አልነበረውም። የስፖርት መምህራችን ዝዋይ ዘመድ ስለነበራቸው፣ አጥማጆች የጣሉትን አሮጌ የዓሣ መረብ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው አመጡና በስተ ምሥራቁ ጎል ላይ ዘረጉት። ዝዋይ ማለት የዛሬዋ ባቱ ናት። መረቡ በመጣ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ድመት በሙሉ ትምህርት ቤት ገባ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሽታው እስከ ዘጠነኛ ለ ክፍል ይደርሳል። የኬሚስትሪ መምህራችን ሽታውን የእኛ እግር ነው ብለው ጠርጥረው ሁላችንንም እግር አስታጥበዋል። በረኛችን አንዷን ቡሬ ድመት በአንድ እግሯ ወደ ውጭ እየገፋች ኳስ ስትይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን የካቲት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው። ሂሩትን ጨምሮ ሁላችንም ስንስቅ ነው የሚታየኝ፤ ይህን ለእሷ ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ እውነት ስለሆነ ነው።

በየካቲት መጨረሻ ከሞጆ፣ ከደብረ ዘይትና ከዝዋይ የሴቶች ቡድኖች መጥተው ከእኛ ጋር ሊጋጠሙ ሆነ። ፍጻሜው ቅዳሜ፣ ዋንጫው ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ከአራቱ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣ ምርጥ ቡድን ስም ይነገራል፤ ምርጦቹ አዲስ አበባ ሄደው ይጫወታሉ። አዲስ አበባ ሄዶ መጫወት ያኔ ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት አልችልም።

ዓርብ ከሰዓት የስፖርት መምህራችን ጥቅል ሲባጎ ሰጡኝ። «አንቺ ሁልጊዜ እዚያ ነሽ። ከጎን በኩል ቋሚው አጠገብ የተቀደደውን ስፊልኝ።» ቀዳዳው የሰው ጭንቅላት ያሳልፋል። እኔ የማውቀው ቋጠሮ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ጸጉሬን በሪባን የምታስርበት። ሁለት ክንፍ ያለው፣ ጫፉ የሚንጠለጠለው። ሦስት ቦታ አሰርኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው መረቡ ለበዓል ጸጉሯን የተሠራች ልጅ ይመስላል፤ ኮራሁበት። አራተኛውን ልጀምር ስል የዝዋይ ቡድን አውቶቡስ በዘፈንና በጭብጨባ በሩ ላይ ደረሰ። ሲባጎውን ጥዬ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ለመቁጠር የሚያስቸግር ነበር። የወንጂ ሸንኮራ የማይመጥ አፍ አልነበረም፤ ምጣጩ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። ወንዶቹ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይደበድባሉ። የዝዋይ በረኛ አያንቱ የምትባል፣ ክንዷ ረጅም፣ ከአንገቷ ቀና ያለች ልጅ ነበረች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ መሆናቸውን የእኛ ልጆች ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወደ መረቡ ጎል ስትመጣ ተቀበሏት።

«ዓሣ ሻጭ! ዓሣ ሻጭ!»

አያንቱ ዞር አለች፤ መረቡን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አሸተተችና ጮክ ብላ «መረባችሁ እንኳ የእኛ ነው!» አለች። የእኛ ደጋፊዎች ራሳቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ሰባት ለሰባት ሆንን። ማብቂያው ሲቃረብ ሂሩት ኳስ ይዛ በቀኝ ክንፍ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት አውሎ ነፋስ ከመንገዱ ማዶ ተነስቶ፣ ወረቀትና ምጣጭ እያሽከረከረ፣ አጥሩን ዘሎ ሜዳው ላይ ወጣ። ሴቶቹ «ትፍ! ትፍ! ጋኔን አለበት!» ይላሉ። ዳኛው በሁለት ክንዳቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጎነበሰ። እኔ የእናቴን ስስ ነጭ ሻሽ ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር፤ ነፋስ የለመደ የናዝሬት ልጅ እንዲያ ነው የሚያደርገው። በሻሹ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ ወተት ነጣ ብሎ ይታያል። ግን ይታያል።

ኳሷ የቋሚውን ውጭ አልፋ መጣች። ሪባኖቼ መሐል ገባች። ሁለቱ ተፈቱ፤ አንዱ ተበጠሰ። መረቡ ውስጥ እግሬ ሥር ወድቃ ሁለት ጊዜ ነጠረች።

ነፋሱ ሲያልፍ ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ። ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ፊሽካቸውን ነፉ። ስምንት ለሰባት። ቆርቆሮው ተደበደበ፤ ሂሩትን ትከሻቸው ላይ አወጧት፤ እኔም፣ ይህን አልደብቅም፣ ዘለልኩ። የዘለልኩት ሳላስብ ነው። ማስታወሻዬ አቧራው ውስጥ ወደቀ።

ቲቸር ዘነበች ከግራር ዛፉ ሥር ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እየሮጥኩ ሄጄ «አሸነፍን ቲቸር!» አልኳቸው።

«የተሸነፉትን ጠየቅሽ?»

የዝዋይ ልጆች ያደሩት ዘጠነኛ ሐ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ወንበሮቹ ተቆልለው ፍራሽ ተነጥፎበታል። አያንቱ ብቻዋን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ዞር ስትል ሸንኮራ በጥርሷ እየላጠች ነው።

«አካም ጅርታ?» አለችኝ፤ ከዚያ ካርቶኑን አየችና ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ጻፊ። ኳሷ በፊቴ አላለፈችም። አሠልጣኜ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው ብለውኛል። ሰኞ ምርጥ ቡድን ውስጥ የሚገቡትን ሲጠሩ ስሜን አይጠሩም። አልጨፈንኩም።»

ጻፍኩ።

«አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ከጎሉ ጀርባ።»

«ታዲያ?»

«አቧራ ነበር» አልኳት።

ከኪሷ የተበጠሰ ሲባጎ አወጣች፤ አንድ ክንፉ አሁንም እንደታጠፈ ነው። «ይሄንን ያሰረው ሰው ዓሣ አጥምዶ አያውቅም» አለችና ሸንኮራዋን ቀጠለች። ጠልታኛለች ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ስጠይቃት ግን ቋጠሮው አስቆኝ ሳቄን ለመደበቅ እየታገልኩ ነበር ትለኛለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቲቸር ዘነበች ቤት ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ አንሶላ እያሰጡ ነበር፤ ነፋሱ አንሶላውን ከእጃቸው ይነጥቃል። የልብስ መቆንጠጫ አፋቸው ውስጥ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዳዳውን፣ ሪባኑን፣ አውቶቡሱን፣ ለአያንቱ የዋሸሁትን። አንሶላው ውስጥ ፊታቸውን ቀበሩ። ትከሻቸው ይነቃነቃል። አሳፈርኳቸው ብዬ እንባዬ መጣ።

«እንደ ሪባን?» አሉ ከአንሶላው ውስጥ። «ክንፍ ሠርተሽለት?» መቆንጠጫው ከአፋቸው ወደቀ፤ የሚስቁት እንዲያ ተንፈራፍረው ነበር።

ከዚያ ግን መነጽራቸውን ጠርገው ቁም ነገር ውስጥ ገቡ። «ስለ ራስሽ ጥፋት ሌላ ሰው ቢጽፍ ነበር የሚሻለው። ሌላ ያየ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አንቺ ትጽፊያለሽ። ግን ከራስሽ ትጀምሪያለሽ። መረቡን ማን እንደሰፋው ትናገሪያለሽ። ሂሩት ከቡድኑ እንዳስቀረችሽም።»

«እሱ ከጨዋታው ጋር ምን አገናኘው?»

«ትወጃታለሽ?»

የወደቀውን መቆንጠጫ አንስቼ ሰጠኋቸው።

«ሰሚው ይህን ማወቅ አለበት። አውቆ ይመዝንሻል።»

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። መረቡን መናገር እችላለሁ። አጭር ተብዬ መባረሬን ግን በሞንታርቦ፣ ለአራት ትምህርት ቤት! ካልተናገርኩ ደግሞ አያንቱ አዲስ አበባን አታይም። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «አሁን ዜናው ተገልብጧል አስኒ። በዚህ ዜና የምትሸነፈው ማን ናት?»

«ሂሩት።»

«ጠየቅሻት?»

ሂሩት ደጃቸው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። ነገርኳት። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ኳሷን መረብ ውስጥ አይቻታለሁ» አለችኝ።

«ከየት ገባች?»

«ከየት ትገባለች? በፊት ለፊት ነዋ! በመስኮት ትግባ?» ጓደኞቿ ተንጫጩ። «አስናቀች፣ ቅናት ነው። አጭር ያልኩሽ አንገብግቦሽ ነው። አሁን ደግሞ ዋንጫውን ልታሳጪን ነው?»

ውሸታም ብዬ ፈረጅኳት። ያን ቀን የፈረጅኳትን ሳልለውጥ ነው የኖርኩት።

ሰኞ ጠዋት አራቱም ትምህርት ቤቶች ተሰልፈዋል። ዋንጫው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ያበራል። ዳይሬክተሩ የፈረሙበት ወረቀት እጄ ላይ ነው፤ «በከፍተኛ የጨዋታ ብልጫ» ይላል። ከሥሩ የራሴን ወረቀት አወጣሁ። ማይኩ ለቁመቴ ከፍ ስላለብኝ ቲቸር ዘነበች የሳሙና ሳጥን አምጥተው አቆሙኝ። ተማሪው ሳቀ። ሳቁ አንድ ነገር ጠቀመኝ፤ ከዚያ የባሰ አይመጣም አልኩ።

«የስፖርት ዜና። ዘጋቢዋ አስናቀች ነኝ። በኅዳር ወር አጭር ነሽ ተብዬ ከእጅ ኳስ ቡድን ስለቀረሁ አምበሏን ሂሩትን አልወዳትም፤ ይህን እያወቃችሁ ስሙኝ። ቅዳሜ ስምንተኛዋ ኳስ በፊት ለፊት አልገባችም። ከጎን፣ በመረቡ ቀዳዳ ነው የገባችው። አይቻለሁ። ቀዳዳውን እንድሰፋ ታዝዤ እንደ ጸጉር ሪባን ነው ያሰርኩት፤ ተፈታ። የዝዋይ በረኛ አያንቱ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ ኳሷ በፊቴ አላለፈችም ትላለች። ሂሩት ደግሞ—»

ዳይሬክተሩ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ቴፑ ተከፈተ። መዝሙሩ ገና አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ከልማዱ የተነሳ የትምህርት ቤታችን ተማሪ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ኦ! ተበላን!» አለ። ዝዋዮች በሳቅ ፈነዱ። ሞጆዎች ተከተሉ። እኔ በመዝሙሩ ላይ እየጮህኩ ጨረስኩ፦ «ሂሩት ደግሞ ኳሷ በትክክል ገብታለች ትላለች!»

ዳኛው የሞጆ መምህር ነበሩ። ምንም ሳይሉ ከሰልፉ ፊት ተነስተው ወደ ሜዳው ሄዱ። አራቱ ትምህርት ቤቶች ሰልፋቸውን እንደያዙ ከኋላቸው ተከተሉ፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ዳኛው ክንዳቸውን በቀዳዳው እስከ ትከሻቸው አስገቡ። የተረፈውን ሪባን በጣታቸው ይዘው ወደ ላይ አሳዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሪባን!» አለ ሕዝቡ።

ከዳይሬክተሩ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። ዳይሬክተሩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ሦስት እንግዳ ትምህርት ቤት ግን እያያቸው ነው። ጎሉ ተሰረዘ። ሰባት ለሰባት፤ አምስት ደቂቃ እንደገና።

«መጀመሪያ መረቡ ይሰፋ» አሉ ዳኛው።

አያንቱ «ኮቱ» ብላ በእጇ ጠራችኝ። መረቡ ሥር ተንበረከክን። ቡሬዋ ድመት መጥታ መሐላችን ተኛች። ሲባጎውን በአንዱ የመረቡ ዓይን አሳልፋ፣ በአውራ ጣቷ ይዛ፣ ዙሪያውን አዙራ ወደ ታች ሳበችው። «ሪባን የምታስሪው ማታ ልትፈቺው ነው» አለችኝ። «ይሄ የሚታሰረው እንዳይፈታ ነው። አንቺ ሞክሪ።» ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። አራተኛው ያዘ። በጥፍሯ ሳበችው፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዋንጫ የነካ ሰው አያውቀውም።

አምስቱ ደቂቃ እንደ ዓመት ነበር። ሂሩት ሁለት ጊዜ ወረወረች፤ አያንቱ ሁለቱንም ያዘች። ማብቂያው ላይ አንዲት ግራኝ የዝዋይ ልጅ ከመሐል ዘልላ በበረኛችን እግሮች መካከል አስገባች። ስምንት ለሰባት፤ ለዝዋይ። የእኛ ወገን ጸጥ አለ። ድመቷ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጎሉ መሐል ገብታ ጀርባዋን ዘረጋች፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ተጀመረ። ለማን እንደሚደበደብ ሳይታወቅ ሁሉም ጨፈረ። አያንቱና ሂሩት ሁለቱም ምርጥ ቡድን ውስጥ ተጠሩ።

በሚቀጥለው ሰኞ በትምህርት ቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሽንፈት ዜና ተነበበ። «ተሸነፍን፤ ስምንት ለሰባት» አልኩ። መዝሙር አልተከፈተም። ቲቸር ዘነበች ግራሩ ሥር ሆነው በማያዩት ሜዳ አቅጣጫ ፈገግ ብለው ነበር። ትምህርት እስክጨርስ ድረስ ስሜ «ሪባን» ሆኖ ቀረ። ሂሩት አላናገረችኝም።

ይህን ባቱ፣ አያንቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ለራሴ ጉዳይ ያልኩት እሷን ነው። ወንድሟ መረብ ይሰፋል፤ እሷ ድንች ትልጣለች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ጥሩ ነው» አለች። «ሂሩትን ጠየቅሻት?»

ይህን የማለት መብት እንዳላት አውቃለሁ። ለሂሩት ደወልኩ። ስልኩን ሁለታችን እንድንሰማው አድርጌ ሁሉንም አነበብኩላት፤ ውሸታም ያልኩበትንም። ያኔ ደጃቸው ላይ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ስትወረውሪ ዓይንሽ ተከፍቶ ነበር?»

«በዚያ አውሎ ነፋስ? ጨፍኜ ነው የወረወርኩት። ስገልጥ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት።»

«ለምን እንዲያ አላልሽም?»

«አንቺ ከየት ገባች ነው ያልሽኝ። አየሽ ወይ አላልሽኝም። በየት ትገባለች ብዬ ልጠርጥር? በቅናት የፈጠርሽው ነበር የሚመስለኝ፤ እስከ ዛሬ።»

«አጭር ያልሽኝስ?»

«እሱማ እውነት ነው። አጭር ነበርሽ።» አያንቱ ድንቹን ጥላ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ጻፊው» አለች ሂሩት። «ግን ኳሷን ጠምዝዣታለሁ። ስትለቀቅ እጄ ላይ ታውቆኛል። እሱን ማንም አይወስድብኝም።»

አያንቱ ወደ እኔ ዞረች። «ያየሽው አንቺ ነሽ። ዞራለች?»

እዚህ ድረስ ስጽፍ አንድ ነገር ትቻለሁ። ቅዳሜ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ሰኞ ሳላነበው ዘለልኩት፤ ዛሬም ልዘለው ነበር። በእናቴ ሻሽ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል፣ ኳሷ ከሂሩት እጅ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው። ከዚያ እንደ ጋሪ መንገድ ታጠፈች። ነፋሱ ይሁን እጇ፣ አላውቅም። ግን ዞራለች። አየሁ።